ስርጉትን ማን ያርዳት?

አልጋነሽ ስትናደድ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። የማያውቋት ሰዎች በደግ ሰዓት ያገኟት ይመስላቸዋል። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲዬ ሁለት በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ግማሹ እንጨት ግማሹ ቆርቆሮ የሆነ ቤት ተከራይታ የሰው ልብስ አጥባ ተኩሳ ትኖራለች። ግቢው የጋራ ነው፤ ቧንቧው የጋራ ነው፤ ሐምሌ ላይ ያ የበረሃ ንፋስ ሲነሳ አቧራውም የጋራ ነው። ዶራሌ ወደብ ጭነት የሚጠብቁ የኛ ሾፌሮች ሸሚዛቸውን እሷ ጋ ይጥላሉ። ንጹሕ ሸሚዝ ይዘው ሲወጡ፣ ሳይጠይቋት፣ ስለ ጢማቸውና ስለ ሚስቶቻቸው አንድ ሁለት ምክር ይዘው ይወጣሉ።

ከሩቅ በሚገዛ መንግሥት ላይ ሰዎች ለምን ይነሳሉ ብለው መጽሐፍ የጻፉ ብዙ ናቸው። እጄ የገባውን ሁሉ አንብቤአለሁ። አንዱ ግብር ነው ይላል፣ አንዱ ንግድ ነው ይላል፣ ሌላው የወታደር ጭካኔ ነው ይላል። እሺ፣ ይሁን። ግን አንዳቸውም ስለ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ቀለም አልጻፉም። እኔ በቅርብ የማውቀው አመፅ ደግሞ የተነሳው በአረንጓዴ ጨርቅ ነው፤ ያነሳችውም ይህች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምትቆጣ ሴት ናት። ግዛቱ ትንሽ ነው ብሎ የሚስቅ ካለ ይሳቅ። በስንት ሺህ ሰው ላይ ሲደረግ ነው በደል በደል የሚሆነው? ልኩን የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከአሮጌው ባቡር ሀዲድ ወዲያ፣ አንድ ሰፈር አለ። የሰፈሩ እድር ሀዲድ ማዶ ይባላል። የአልጋነሽ ባል ጀንበሬ የምድር ባቡር ሰው ነበር፤ ባቡሩ ሲቆም እሱም ብዙ አልቆየም። ያን ጊዜ ሀዲድ ማዶ ድንኳን ተከለ፣ አልጋነሽን ደግፎ ቀብር አደረሰ፣ ሦስት ቀን ከጎኗ አልተነሳም። ሽማግሌዎቹ ከጀንበሬ መቃብር አጠገብ ያለችውን ባዶ ቦታ አሳይተው፣ "ይቺ ያንቺ ናት፤ ሐሳብ አይግባሽ" አሏት። ሰው ሐዘን ላይ ሆኖ የሰማውን ደግ ቃል አይረሳም። አልጋነሽ ጅቡቲ መጥታ ሰው ቤት ስትቀጠር ልብሷን በአንድ ሻንጣ፣ ያችን ቦታ ደግሞ በልቧ ይዛ ነው የመጣችው።

ከዚያ ሰፈር ብዙ ሴቶች ተከትለዋት መጡ። አንዷ ሌላዋን ትጠራለች፤ እንዲህ ነው የሚሆነው። ሁሉም ሰው ቤት አድረው የሚሠሩ ናቸው፤ የሚወጡት ዓርብ ነው። ዓርብ ዓርብ አልጋነሽ ግቢ ይሰበሰባሉ። ሐዘን የደረሰባት ስትኖር አብረው ይቀመጣሉ። ሀዲድ ማዶ ይህን ሲሰማ ደስ አለውና "የጅቡቲ ቅርንጫፍ ናችሁ" አላቸው። እነሱም ኮሩ።

ቅርንጫፍ መሆን ምን ማለት እንደሆነ የገባቸው ቀስ እያለ ነው። ከነሱ የሚፈለግ ነገር ሲኖር ስልኩ ቶሎ ይደወላል። እነሱ ሲፈልጉ "እንመካከርበታለን" ይባላል። የእድሩ ስብሰባ እሁድ ነው፤ እሁድ ደግሞ ጅቡቲ ሥራ ነው። በስልክም ቢሆን ድምፃችን ይሰማ ብለው ለምነው ነበር፤ እስከ ዛሬ እየተመካከሩበት ነው። ድንኳን እንልካለን ተብለው ነበር፤ ድንኳኑ እየመጣ ነው። ፀጋው የሚባል ሾፌር አዘነላቸውና አሮጌ የጭነት ሸራ ሰጣቸው። አንድ በኩል ተቀዷል፤ ፀሐይዋ በቀዳዳው እየገባች የአንዷን ፊት ለይታ ታቃጥላለች። የዚያች ሴት ዕጣ ነው ብለው ይሳሳቃሉ።

ሰው ቤት ለሚያድር ሠራተኛ ሦስት ቀን ተከታትሎ ለቅሶ መቀመጥ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ሦስት ዓርብ መቀመጥ ጀመሩ። ይህንንም ማንም ሳያስተምራቸው ራሳቸው ነው ያገኙት። ድሬዳዋ ሲሰማ "ይህ ሥርዓት አይደለም፤ ሰልስት በዓርብ አይቆጠርም፤ አቁሙ" የሚል ቃል መጣ። አልጋነሽ "እሺ" አለች። ሴቶቹ በሚቀጥለው ዓርብ መጥተው ተቀመጡ። እሷም ዝም አለቻቸው። እምቢታው ያኔ ተጀምሮ ነበር፤ ስም አላወጡለትም እንጂ።

ከሴቶቹ አንዷ ስርጉት ናት። ጋቦዴ በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ዙለይካ የሚባሉ አሮጊት ቤት ትሠራለች። እናቷ ደብሪቱ ድሬዳዋ የአልጋነሽ ጎረቤት ነበረች፤ በግድግዳ ነው የሚለያዩት። ጨው ያለቀባት ግድግዳውን መታ አድርጋ ትጠይቅ ነበር። ስርጉት ዓርብ ዓርብ ሸራው ሥር ተቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ለእናቷ በስልክ ድምፅ ትልካለች። ሁሉም ሴቶች እያዳመጡ፣ ጣልቃ እየገቡ፣ "ሰላም በያት!" እያሉ።

ደብሪቱ በድንገት አረፈች። ቃሉ የመጣው በስርጉት ስልክ አይደለም፤ በአልጋነሽ ነው። የላኩት የእድሩ ዳኛ አቶ ታፈሰ ናቸው። ረጋ ያለ፣ የለመደ የሽማግሌ ድምፅ ነው።

"አልጋነሽ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ደብሪቱ አርፋለች፤ ነፍሷን ይማር። በወጉ ቀብረናታል፤ የጎደለ ነገር የለም። ለስርጉት ግን እንዳይነገራት ወስነናል። ልጅቷ ብቻዋን ናት፣ ሰው አገር ናት፣ ትደነግጣለች። ስትመጣ እኛው እናረዳታለን። እስከዚያ ጠበል ገብታለች፣ ስልክ አይፈቀድም በሏት። አደራ። ይህ የእድሩ ውሳኔ ነው።"

አልጋነሽ ስርጉት የሌለችበትን ሰዓት ጠብቃ ለሌሎቹ አሰማቻቸው። አለቀሱ። ከዚያ የምስራች ዓይኗን ጠርጋ ተነሳች። የምስራች የፈረንጅ ልጆች የምታሳድግ፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት።

"'ብቻዋን ናት' ነው ያሉት? እኛ ታዲያ ምንድን ነን፣ በርጩማ?"

"ተይ የምስራች፣ ለሷ አስበው ነው" አለች አልጋነሽ።

"መቼ ነው የምትሄደው? ታናሽ ወንድሟ ትምህርት እስኪጨርስ አልሄድም ብላለች። ልጁ ገና ሱሪውን እየጎተተ ነው! እስከዚያ ደብሪቱ ጠበል ውስጥ ልትኖር ነው? ዓሣ ናት?"

የሳቀችም ነበረች፤ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው።

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ይህን ልማድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ውጭ ያለ ሰው ዘመዱ ሲሞትበት አይነገረውም። ለሱ ታስቦ ነው ይባላል፤ እውነትም ታስቦለት ነው። ግን ከአሳቢነቱ ጎን ሌላ ነገር ተጣብቆ ይኖራል፦ ልጅቷ ከሰማች ሥራዋን ትታ ትመጣለች፤ ከመጣች ደግሞ ያ ቤት በምን ይቆማል? ይህን አፍ አውጥቶ የሚናገረው የለም። ፍቅሩን ከፊት ያስቀምጡታል፤ ጥቅሙ ከኋላው ተደብቆ ይሄዳል። ሩቅ ሆኖ የሚያዝዝ ሁሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሚነግርህ ምን ያህል እንደሚያስብልህ ነው።

አልጋነሽ ግን ታዘዘች። የዕድሜዋን ግማሽ የታዘዘችው እድር ነው። ጀንበሬ ደግሞ እዚያ ነው ያለው።

በሚቀጥለው ዓርብ ስርጉት መጣች። እንደ ልማዷ ሸራው ሥር ተቀምጣ ስልኳን አፏ አጠገብ አደረገች። "እማዬ፣ ጠበሉ እንዴት ነው? ቀዝቃዛ ነው አሉ። እዚህ የቧንቧው ውሃ ራሱ ሻይ ያፈላል፤ ትንሽ ቀንሰሽ ላኪልን እስቲ።" ሰላም በያት የሚል አልተገኘም። ስርጉት ቀና ብላ አየቻቸው። "ምን ሆናችኋል ዛሬ? ተጣልታችኋል?"

በዚህ መሀል የምስራች ከበር ገባች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዙራ ለብሳለች። ሆን ብላ አይደለም፤ ሳምንቱን ሙሉ በልቧ ሐዘን ላይ ስለነበረች እጇ በራሱ ያደረገው ነው።

"ውይ! ማን ሞቶብሽ ነው?" አለች ስርጉት ብድግ ብላ።

"ማንም። ቸኩዬ ነው የለበስኩት።"

"ቸኩለሽ! መዓት ልትጠሪ ነው እንዴ?" አለችና ስርጉት እየሳቀች ቀረበቻት። በገዛ እጇ ነጠላውን ከትከሻዋ አንስታ፣ ገልብጣ፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ አለበሰቻት። "እንዲህ ነው። አሁን ሰው መሰልሽ።" የምስራች፣ ያቺ ምላሷ የማያርፍ፣ ውሃ ልጠጣ ብላ ወደ ቧንቧው ሄደች፤ ተመልሳ ለመምጣት ብዙ ቆየች።

በሌላው ዓርብ ስርጉት ከገበያ ሁለት ስስ ጨርቅ ይዛ መጣች፤ እዚህ ሴቶች ለሙቀት የሚለብሱት፣ ትንፋሽ የሚመስል ጨርቅ። አንዱ ብርቱካናማ ነው፣ አንዱ አረንጓዴ። አልጋነሽ ጭን ላይ ዘረጋቻቸው።

"እማዬ ከጠበል ስትወጣ ትልበሰው ብዬ ነው። የቱን ትወዳለች? ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያታለሽ፤ እኔ ልጅ ሆኜ ነው የተለየኋት።"

አልጋነሽ እጇን ጨርቁ ላይ አሳረፈች። ሠራተኛ እጅ ነው፤ ሻካራው ስሱን ጨርቅ ያዝ ያዝ አደረገው። ብርቱካናማውን አነሳች፣ አስቀመጠች። ደብሪቱ ብርቱካናማ አትወድም ነበር፤ ገረጣሁ ትላለች። ይህን ሊያውቅ የሚችለው ግድግዳ ተጋርቶ የኖረ ሰው ብቻ ነው።

"አረንጓዴውን" አለች።

"እኔም ልቤ እሱ ላይ ነበር!" አለች ስርጉት፤ አልጋነሽን አንገቷ ላይ ሳመቻት።

ፀጋው በድንበሩ፣ በደወሌ በኩል፣ ድሬዳዋ የሚያደርስ ጭነት ነበረው። አልጋነሽ ጨርቁን አጣጥፋ ስትሰጠው በሁለት ጣቱ ያዘው፣ እንደሚያቃጥል ነገር።

"እትዬ፣ ለማን ነው የምሰጠው?"

"ለጋሼ ታፈሰ ስጣቸው።"

"እሳቸውስ ለማን?"

"ፀጋው፣ ሸሚዝህን ውሰድና ሂድ።"

ሄደ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ አልጋነሽ የሱኑ ሌላ ሸሚዝ ስትተኩስ፣ ስልኳ ጮኸ። በአንድ እጇ ከፈተችው። የአቶ ታፈሰ ድምፅ ነው።

"አልጋነሽ፣ ጨርቁ ደርሶናል። ለአክስቷ ሰጥተነዋል፤ እንዳይበላሽ። ለስርጉት 'እናትሽ አይታው በጣም ወዳዋለች፣ መርቃሻለች' በያት። እንዲህ ብትያት ልጅቷ ትረጋጋለች።"

አልጋነሽ ቆማ ቀረች። ካውያው ሸሚዙ ላይ እንዳለ ነው። ሽታው አፍንጫዋ ሲገባ ነው ያነሳችው፤ ጀርባው ላይ ቡናማ የካውያ ምልክት ታትሟል። እጇ የሰው ልብስ ሲያቃጥል ማንም አይቶ አያውቅም።

ዝም በይ ብለዋታል፤ ዝም አለች። ጠበል ገብታለች በይ ብለዋታል፤ አለች። አሁን ግን የሞተች ጎረቤቷን በሷ አፍ ሊያስመርቁ ነው። የእናት ምርቃት! ደብሪቱ ልጇን ሳትመርቅ ነው የሞተችው፤ ልጅቷም ሳትመረቅ ነው የቀረችው። ያንን ባዶ ቦታ ድሬዳዋ ያለ ሽማግሌ፣ ከስብሰባ ወንበሩ ሳይነሳ፣ በአንድ አረፍተ ነገር ሞልቶ ላከው። እኔ ስለ አመፅ ያነበብኩትን ሁሉ ረስቼ ብቀር ይቺን ቅጽበት አልረሳም። ሰው ቀንበሩን ለረጅም ጊዜ ይሸከማል። የማይሸከመው፣ ያንን ቀንበር በገዛ አፉ አመስግን ሲባል ነው።

ደወለች።

"ጋሼ ታፈሰ፣ አልጋነሽ ነኝ።"

"እሺ አልጋነሽ፣ ነገርሻት?"

"አልነገርኳትም። ዓርብ ላረዳት ነው።"

"ማን ፈቀደልሽ?"

"ለማስፈቀድ አይደለም የደወልኩት። ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ ብዬ ነው።"

"እስቲ ረጋ በይ። ልጅቷ ብትታመም ማን አላት?"

"ባለፈው በጋ በወባ ተኝታ ነበር። ሰምተው ነበር?"

"እ... አልሰማንም።"

"እኛ ነን ያስታመምናት፤ ተራ ይዘን። እናንተ ስለማታውቁት ነገር ነው የወሰናችሁት።"

"ነገር አታጣምሚ፣ አልጋነሽ። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ እንዳሻው ከሆነ እድር የሚባል ነገር አይኖርም። ለናንተው ነው የምናስበው።"

"አውቃለሁ ጋሼ። አንድ ቀን ግን 'እናንተስ ምን ትላላችሁ' ብላችሁን ታውቃላችሁ?"

ቀጥሎ የመጣው ድምፅ የዳኛ ድምፅ ነበር። "የእድሩን ውሳኔ የጣሰ ድንኳን አይተከልለትም። ቀባሪም አይወጣለትም። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ። ከጀንበሬ አጠገብ ያለው ቦታ ደግሞ የእድሩ ነው።"

"አውቃለሁ" አለች፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፅዋ። "ደህና ይዋሉ።"

ስልኩን ዘግታ የተቃጠለው ሸሚዝ አጠገብ ቁጭ አለች። ፀጋው ሲመጣ ያገኛት እንደዚያው ነው። ሸሚዙን አንስቶ ጀርባውን አየና፣ "ግድየለም፣ ኋላዬን የማየው እኔ አይደለሁ" አላት። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ስርጉት ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ሐዘን ልትቀመጥ አትችልም። ስለዚህ አልጋነሽ ጋቦዴ ሄደች። ዙለይካ ስርጉትን ዳቦ ግዢ ብለው ልከው ብቻቸውን ናቸው። ከልጅነታቸው ከባቡር ሠራተኞች ልጆች ጋር ያደጉ ስለሆኑ አማርኛ ይናገራሉ፤ ሲቸኩሉ ሶማልኛና ፈረንሳይኛ ይቀላቅሉበታል። ስርጉት "አዬዮ" ነው የምትላቸው፣ አያቴ እንደማለት።

"አዬዮ ዙለይካ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ..."

"እናቷ ሞታለች" አሉ ዙለይካ።

አልጋነሽ ደነገጠች። "ማን ነገረዎ?"

"ማን ይነግረኛል? ልጅቷ ማታ ማታ ለእናቷ ስትናገር እሰማለሁ። ድሮ ከወዲያ የሚመልስ የሴት ድምፅ ነበር፤ ጠፋ። አርጅቻለሁ እንጂ አልደነቆርኩም። እናንተ ምን ትጠብቃላችሁ?"

አልጋነሽ ሁሉንም ነገረቻቸው። ዙለይካ ከዘራቸውን በጭናቸው መሀል አቁመው ሰሙ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ።

"በፈረንሳይ ጊዜ ይህን ከተማ በሽቦ አጥረውት ነበር። ሰምተሽ ይሆናል። እናቴ ከሽቦው ውጭ ካሉ ዘመዶቿ የፍየል ወተት ታመጣ ነበር። በሩ ላይ ወታደር አለ። ወተት የሚገባበት ሰዓት ተወስኗል። ማን ወሰነ? ፓሪስ ያለ ሰው። ፓሪስ ያለ ሰው በኛ ሙቀት ወተት መቼ እንደሚበላሽ ያውቃል? ኖ! እናቴ ፀሐይ ላይ ትቆማለች፣ ወተቱ ይበላሻል፣ ከዚያ ወታደሩ የተበላሸ ነው ብሎ ያፈሰዋል።"

"ውይ።"

"ቆይ ወላል፣ ቆይ እህቴ፣ አልጨረስኩም። በዚህ አይደለም የተነሳችው። ብዙ ጊዜ ፈሶባት ዝም ብላለች። አንድ ቀን ወታደሩ፣ ልጅ እግር ነው፣ ክፉም አልነበረም፣ እያፈሰሰ ሳለ 'ለጤናችሁ ነው' አላት። በቃ። የወተቱን ዕቃ በራሱ ላይ ደፋችበት። ነፃነት፣ ባንዲራ፣ እሱ ሁሉ ኋላ መጣ። የኛ ቤት ነፃነት የተጀመረው እዚያ ነው።" ሳቁና ሳሉ። "ግቢዬን ውሰዱ። ሸራ አላችሁ አይደል? ሦስቱንም ቀን ትቀመጥ። ሻይ ማፍላት አልረሳሁም።"

መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሰውየው እህል ሳይቀምስ፣ ከቤቱ ሳይወጣ። ሴቶቹ እያንዳንዳቸው ከአሠሪዎቻቸው ማስፈቀድ ነበረባቸው። የምስራች ማዳሟን "ሰው ሞቶብኛል" ስትላት "ማን?" አለቻት። "እናቴ" አለች። ኋላ ሲያወሩ ሁሉም ያሉት ይህንኑ ነው። በዚያች ዓርብ ጅቡቲ ውስጥ ስንት ቤት "ሠራተኛችን እናቷ ሞተችባት" እንደተባለ እንጃ። አንዳቸውም አልዋሹም።

ሸራውን ፀጋው በመኪናው አመጣው። ጋቦዴ ሲደርሱ ሰማዩ ገና ግራጫ ነው፤ ሙቀቱ ግን ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም። አልጋነሽ በሩን አንኳኳች።

ስርጉት ከፈተች። መጥረጊያ ይዛለች። መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ "ዛሬ ደግሞ እናንተ ናችሁ የምትመጡት?" ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ከዚያ ዓይኗ ከአንዷ ነጠላ ወደ ሌላዋ ነጠላ ሄደ። ጥለቱ የሁሉም ወደ ላይ ነው። የምስራች ላይ ሲደርስ ቆመ። ልታስተካክልላት እጇን ዘረጋች፤ አየር ላይ ቀረ።

መጥረጊያው ወደቀ።

ጩኸቷን አልጽፈውም። የሰማው ያውቀዋል።

ትንፋሽ ስታገኝ አልጋነሽን ያዘቻት። "ከጨርቁ በፊት ነው?"

"ከጨርቁ በፊት ነው ልጄ።"

"አረንጓዴውን የመረጥሽልኝ አንቺ ነሽ።"

"እኔ ነኝ።"

ስርጉት ደረቷን አልመታችም። የአልጋነሽን ደረት ነው የመታችው፣ በሁለት እጇ፣ እንደተዘጋ በር። "ታውቂ ነበር! ሁላችሁም ታውቁ ነበር!" ሌሎቹ ሊይዟት ሲመጡ አልጋነሽ በዓይኗ አስቆመቻቸው። እጆቹ እስኪደክሙ ቆመችላት። ሲደክሙ እዚያው ደረቷ ላይ ቀሩ፤ ጭንቅላቷም ተከተለ። ደብሪቱ ከግድግዳው ወዲያ እያለች፣ ስርጉት ልጅ ሆና ስትወድቅ እየሮጠች የምትደበቅበት ደረት ነበር።

ሸራው ተዘረጋ። ንፍሮ ቀረበ። የዙለይካ ጎረቤቶች፣ የማያውቋትን ሴት፣ የስርጉትን እናት፣ ሊያለቅሱ፣ በየቤታቸው ያለውን ምንጣፍ ይዘው መጡ። ዙለይካ ሻዩን አብዝተው በቅመም ስላፈሉት የምስራች አስነጠሳት። ስርጉት ስለ እናቷ አወራች፤ ያለ አፍረት፣ ያለ ጠበል። ግድግዳው እንዴት እንደሚመታ በጣቷ መሬቱን እየመታች አሳየች። አልጋነሽም ከወዲያ በኩል እንደምትመልስ ሆና መታች።

ረፋድ ላይ የአልጋነሽ ስልክ ጠራ። አቶ ታፈሰ ናቸው። አልጋነሽ ስልኩን ይዛ ስርጉትን አየቻት፤ "ላንሳው ወይስ ልተወው?" አለቻት። ጠየቀቻት። ስርጉት እጇን ዘረጋች።

"ጋሼ ታፈሰ፣ ስርጉት ነኝ። እማዬ ጨርቁን ወደደችው?"



"ልጄ..." አሉ አቶ ታፈሰ። "ልጄ፣ ይቅር በይን።"

"ሲቀብሯት ምን ለብሳ ነበር?"

"ነጭ። ያንን የትንሣኤውን ቀሚሷን።"

"ማን ነበር?"

ነገሯት። ማን እንደመጣ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ ወንድሟን ማን ይዞት እንደነበር፣ ከቀብር ሲመለሱ ካፊያ እንደነበረ፣ የግቢዋ በር እንዳይዘጋ ሰፈሩ ተራ ገብቶ እንዳደረ። ድምፃቸው መሀል ላይ ተሰበረ፤ ዳኛው ቀረና ሽማግሌው ጎረቤት ብቻ ቀጠለ። ስርጉት ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አዳመጠች። ይህን ሁሉ ጊዜ የነፈጓት ይኼን ነበር፤ አንድም ቃሉ አልገደላትም።

ልብ ነክቷቸዋል፣ ስለዚህ ነገሩ አበቃ ብላችሁ እንዳታስቡ። ሹመት እንዲህ አይሠራም። እሁድ እድሩ ተሰብስቦ የጅቡቲን ቅርንጫፍ አፈረሰ፤ አልጋነሽንም ሰረዘ። ታፈሰ ተቃውመው ነበር ይላሉ፤ አልተቃወሙም የሚሉም አሉ። የጀንበሬ ጎን ያለው ቦታ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ሴቶቹ የራሳቸው እድር ሆኑ። ዓርብ ዓርብ አሁንም ካርቲዬ ሁለት ይሰበሰባሉ። ሕጋቸው አንድ ነው፦ ጉዳዩ የሚመለከታት ሴት ሳትጠየቅ ምንም አይወሰንም። ከዚህ የተነሳ ስብሰባቸው አያልቅም። የንፍሮው ጨው ይብዛ አይብዛ ላይ ግማሽ ቀን ሄዷል። አልጋነሽ አንዳንዴ ግንባሯን ይዛ፣ "ለካ ሀዲድ ማዶ ወዶ አይደለም" ትላለች።

ፀጋው በሚቀጥለው ጉዞው አረንጓዴውን ጨርቅ ከአክስቷ ተቀብሎ መለሰው። ለብሶ የመጣው ያንን ካውያ የበላውን ሸሚዝ ነው። ስርጉት ጨርቁን ጭኗ ላይ ይዛ ቆየችና ቀና ብላ የሸራውን ቀዳዳ አየች።

"በዚህ እንድፈነው" አለች።

"አብደሻል? ፀሐይ ይበላዋል!" አለች የምስራች።

"ይብላው። ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ ማን ሊለብሰው ነው?"

ተከራከሩበት። ኋላ ሰፉት። አሁን ፀሐይዋ በዚያ በኩል ስትገባ ማንንም አታቃጥልም፤ ሥሯ የተቀመጠችው ሴት ግን ፊቷ አረንጓዴ ይሆናል። በዚያን ዕለት ሥሩ የተቀመጠችው አልጋነሽ ነበረች።

"እትዬ" አለች የምስራች፣ "አንድ አጀንዳ ቀርቷል። አንቺን የት ነው የምንቀብርሽ?"

"በስመ አብ! አልሞትኩም እኮ!"

"ጠይቁ ያልሽው አንቺ ነሽ።"

ሴቶቹ ሳቁ። አልጋነሽ ግን አልሳቀችም። ያችን የጀንበሬን ጎን ድሮ ሲሰጧት ነው የተቀበለችው፤ የት ትፈልጊያለሽ ያላት ሰው አልነበረም። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች። ሁሉም ይጠብቋታል፤ ስርጉት መርፌውን እንደያዘች።

"ላስብበት" አለች።